አንድ ኢንዲ ጌም በፒሲ፣ በስዊችና በፕሌይስቴሽን 5 ሲወጣ ልዩነቱ እንዴት ይገመገማል?

ሰማያዊ ካርትሪጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። በፒክስል የተሣለ፣ ከጎን የሚታይ የዝላይ ጌም እንውሰድ። የሠሩት ሁለት ሦስት ሰዎች ናቸው፤ በአንድ ቀን በፒሲ፣ በስዊችና በፕሌይስቴሽን 5 ወጥቷል። የግምገማ አንባቢ ጌሙ ጥሩ መሆኑን ብቻ ሳይሆን የትኛው ላይ ቢገዛው እንደሚሻለውም ማወቅ ይፈልጋል። አብዛኞቹ ግምገማዎች ግን "ስዊች ላይ ትንሽ ላግ አለው" ብለው ያልፋሉ። ትንሽ ማለት ስንት ነው? የትኛው ቦታ ላይ? በምን ምክንያት?

የስቱዲዮ ዕቃ ሳይኖር ይህን በቁጥር ማሳየት ይቻላል? ደግሞስ ስንት ሰዓት ተጫውቶ ነው ለመጻፍ የሚበቃው? ባግ ሲያጋጥምና ሠሪዎቹ "በሚቀጥለው ፓች ይስተካከላል" ሲሉስ ምን ተብሎ ይጻፋል?

ፍሬም ቆጣሪ፦

መጀመሪያ "ላግ" የሚለውን ቃል ከጽሑፉ አውጣው። ቢያንስ አራት የተለያዩ ችግሮች በዚህ አንድ ቃል ይጠራሉ፤ የአንዱ ምክንያት ከሌላው ጋር አይገናኝም።

አንደኛው የፍሬም (ስክሪኑ ላይ ተራ በተራ የሚታየው የእያንዳንዱ ምስል) መውደቅ ነው። በሰከንድ 60 ፍሬም ማለት አንዱ ፍሬም 16.7 ሚሊሰከንድ ይቆያል ማለት ነው፤ 30 ሲሆን 33.3። ብዙ ጠላት ስክሪኑ ላይ ሲሰበሰብ ማሽኑ በ16.7 ሚሊሰከንድ ውስጥ ሥራውን መጨረስ ያቅተዋል። ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ከዚህ የሚብሰው ግን ሁለተኛው፣ የፍሬሞች አለመመጣጠን ነው። አንድ ጌም አንዱን ፍሬም 16.7፣ ቀጣዩን 50 ሚሊሰከንድ እያቆየ ቢሄድ አማካዩ ልክ 30 ይሆናል። ቆጣሪው 30 ብሎ ይቆማል፤ ዓይን ግን ሲንገጫገጭ ያያል። ስለዚህ አማካይ ቁጥር ብቻውን ምንም አይነግርህም።

ፒሲ ላይ ፕረዘንትሞን የሚባል ነፃ ፕሮግራም የእያንዳንዱን ፍሬም ቆይታ በሠንጠረዥ ይጽፍልሃል። አንድ ክፍል ምረጥ፤ በተመሳሳይ መንገድ ለ60 ሰከንድ ሂድ፤ ሦስት ጊዜ ድገመው። ከአማካዩ ጋር ከሁሉም የዘገዩትን 1 በመቶ ፍሬሞችም አብረህ አውጣ። የመጀመሪያውን ዙር ለብቻው አስቀምጠው። ምስሉ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ለቅጽበት ቆም እያለ በሁለተኛው ይህ ከጠፋ፣ ችግሩ ሼደሮች (ግራፊክስ ካርዱ ምስሉን የሚሥልባቸው ትንንሽ ፕሮግራሞች) በጨዋታው መሀል እየተዘጋጁ መሆኑ ነው። ፒሲ ላይ የግራፊክስ ካርዱ ዓይነት ስለማይታወቅ ሼደሩ እዚያው ማሽን ላይ ይዘጋጃል፤ ኮንሶል ላይ ዕቃው አንድ ዓይነት ስለሆነ ተዘጋጅቶ ይመጣል። ጌሙን አንዴ ከጨረሱ በኋላ የሚለኩ ሰዎች ይህን ችግር ጨርሶ አያዩትም፤ አዲስ ገዢ ግን በመጀመሪያው ሰዓት የሚያገኘው እሱን ነው።

ኮንሶል ላይ ካፕቸር ካርድ (ከኮንሶሉ የሚወጣውን ምስል የሚቀዳ ዕቃ) ያስፈልጋል፤ በ60 ፍሬም የሚቀዳ ከሆነ ርካሹም ይበቃል። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ከመቅዳትህ በፊት ሴቲንግ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ ኤችዲኤምአይ ገብተህ ኤችዲሲፒን (ምስሉ እንዳይቀዳ የሚከለክለውን ጥበቃ) አጥፋ፤ አለበለዚያ ጥቁር ስክሪን ነው የምትቀዳው። የቀዳኸውን በቪዲዮ ማስተካከያ ፕሮግራም ከፍተህ ዳራው እየተንቀሳቀሰ ያለበትን 1 ሰከንድ ፍሬም በፍሬም ሂድበት። ከ60ዎቹ 8ቱ ከፊታቸው ያለው ፍሬም ድጋሚ ከሆኑ ጌሙ በዚያ ሰከንድ 52 ፍሬም ነው የሠራው። ስዊች ራሱ የሚቀዳው የ30 ሰከንድ ቪዲዮ በ720 መስመርና በ30 ፍሬም ስለሆነ ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ሦስተኛው የቁልፍ መዘግየት ነው፤ ለዝላይ ጌም ደግሞ ከሁሉም በላይ የሚያሳስበው ይህ ነው። በሰከንድ 240 ፍሬም የሚቀርጽ ስልክ ካለህ ኮንትሮለሩንና ስክሪኑን አንድ ላይ ቅረጽ። አውራ ጣትህ ቁልፉን ሙሉ በሙሉ ከተጫነበት ፍሬም አንስቶ ገጸ ባሕሪው እስከሚንቀሳቀስበት ቁጠር። አንዱ ፍሬም 4.2 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው፤ 20 ከቆጠርክ 83 ሚሊሰከንድ ማለት ነው። ቢያንስ 10 ጊዜ ደጋግመህ መሀለኛውን ቁጥር ውሰድ። ሁሉንም ማሽን በአንድ ቲቪ ላይ፣ ቲቪውን የጌም ሁነታ ላይ አድርገህ ለካ፤ ያኔ የቲቪው መዘግየት ለሁሉም እኩል ስለሚሆን ልዩነቱ የጌሙና የማሽኑ ብቻ ይሆናል። አንዳንድ ጌም ከመዝለሉ በፊት ጉልበት የማጠፍ እንቅስቃሴ አለው፤ እሱ የንድፍ ምርጫ ነው፣ ከመዘግየት አትቁጠረው።

አራተኛውን ገምጋሚዎች ብዙ ጊዜ ይስቱታል። ዩኒቲ (ብዙ ኢንዲ ጌሞች የሚሠሩበት ፕሮግራም) ውስጥ የፊዚክስ ስሌት ካልተቀየረ በቀር በየ0.02 ሰከንዱ ነው የሚሠራው፤ በሰከንድ 50 ጊዜ። ስክሪኑ 60 ጊዜ ይታደሳል። ሠሪው በሁለት ስሌቶች መሀል ያለውን ቦታ የሚያለሳልሰውን አማራጭ ካላበራ፣ በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል ገጸ ባሕሪው ባለበት ሲቆም ካሜራው ይቀጥላል። የፍሬም ግራፉ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው፤ ምስሉ ግን ይንቀጠቀጣል። የትኛውም ማሽን ላይ ስለሚታይ "ስዊቹ አልቻለውም" ብሎ መጻፍ ስህተት ነው። በተቃራኒው ደግሞ ፍጥነቱ ከፍሬሙ ጋር የታሰረ ጌም አለ። ሞኒተርህን 60 ላይ፣ ከዚያ 144 ላይ አድርገህ አንድ ዓይነት ዝላይ ዝለል፤ ከፍታው ወይም ፍጥነቱ ከተለየ አገኘኸው።

ባለ 320፦

ፍሬም ቆጣሪ ያለው ሁሉ ልክ ነው፤ ፒክስል ጌም ከሆነ ግን ከፍሬም እኩል መታየት ያለበት የምስሉ መጠን ነው።

ጌሙ ውስጡ በስንት ፒክስል እንደተሠራ እወቅ። በ320 በ180 ከሆነ ሁሉም ቦታ ይገጥማል፤ 4 እጥፉ 1280 በ720፣ 6 እጥፉ 1920 በ1080፣ 12 እጥፉ 3840 በ2160 ነው። ሴሌስት የሚባለው የዝላይ ጌም የተሠራው በዚህ መጠን ነው። 384 በ216 ግን 5 እጥፉ 1920 በ1080 ሆኖ ቲቪ ላይ ያምራል፤ የመጀመሪያው ስዊች በእጅ ሲያዝ ስክሪኑ 1280 በ720 ስለሆነ 3.33 እጥፍ ይመጣል። አንድ ተኩል የሚባል ፒክስል ስለሌለ አንዳንዱ ነጥብ 3፣ አንዳንዱ 4 ፒክስል ይሰፋል። ካሜራው ሲንቀሳቀስ ወርዳቸው ስለሚቀያየር ምስሉ ውሃ ላይ እንዳለ ይርገበገባል። ዓይን የሚያደክመው ይህ ነው፤ ገምጋሚው ግን ስሙን ስለማያውቀው "ትንሽ ደብዘዝ ይላል" ብሎ ይተወዋል።

ለማረጋገጥ የስክሪን ምስል አንሳ፤ 8 እጥፍ አጉልተህ የአንዱን ነጥብ ወርድ ከጎረቤቱ ጋር አወዳድር። ከመጀመሪያው ስዊች የሚወጣው ምስል ቲቪ ላይ ብትጫወትም 1280 በ720 ጄፔግ ነው፤ ስለዚህ የቲቪውን ጥራት በእሱ አትፍረድ፣ ከካፕቸር ካርዱ ውሰድ።

ስቲም ዴክ (በእጅ የሚያዝ የጌም ፒሲ) ላይ ስክሪኑ 1280 በ800 ነው። 320 በ180 የሆነ ጌም በ4 እጥፍ ሲቀመጥ ላይና ታች 40፣ 40 ፒክስል ጥቁር ይቀራል፤ ትክክሉም ይሄ ነው። ከላይ እስከ ታች ሞልቶ ካየኸው ወይ ተለጥጧል ወይ ዳሩ ተቆርጧል። ባለ ሦስት ነጥቧን ቁልፍ ተጭነህ የአፈጻጸም ገጹ ላይ ያለው የምስል ማጣሪያና የፍሬም ገደብ ለሌላ ጌም ካደረግከው ማስተካከያ የተረፈ አለመሆኑን እይ። ገደቡ 40 ላይ ቀርቶ "ዴኩ 60 አይሞላም" ተብሎ የሚጻፍበት ጊዜ አለ።

የጽሑፍ መጠንንም አትርሳ። የዴክ ሠሪ የሆነው ቫልቭ ለዴክ ያወጣው መመዘኛ ትንሹ ፊደል በ1280 በ800 ላይ ከ9 ፒክስል ቁመት እንዳያንስ ይላል። ይህን ቁጥር ለስዊችም ተጠቀምበት፤ የዕቃ መግለጫውንና የካርታውን ጽሑፍ ለካ። በተለይ ስትራቴጂና ንግግር የበዛበት ጌም በእጅ ሲያዝ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው።

ሰማያዊ ካርትሪጅ፦

በጣም አመሰግናለሁ። የ384ቱ ምሳሌ ብዙ ነገር ፈታልኝ፤ 480 በ270 የሆነውም ቲቪ ላይ 4 እጥፍ ገጥሞ በ720 ላይ 2.67 ሊመጣ ነው ማለት ነው። ስለ ሰዓቱና ስለ ባጉስ? ደግሞ ፒሲ ላይ ግሩም፣ ስዊች ላይ ደካማ ከሆነ ነጥቡ አንድ ይሁን ሁለት?

ሦስተኛ ሙከራ፦

ሰዓቱን የሚወስነው የጌሙ ዓይነት ነው። ታሪክና እንቆቅልሽ ከሆነ እስከ መጨረሻው፤ መጨረሻው ሊያበላሸውም ሊያድነውም ስለሚችል። ሲሞቱ ከመጀመሪያ የሚጀመርበት ዓይነት ከሆነ ግን አንዴ ማሸነፍ ምንም አይነግርህም። ሁሉንም መሣሪያ ወይም ገጸ ባሕሪ ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሞክር፤ አንዱ ስልት ሌላውን ሁሉ ከንቱ የሚያደርገው ከሆነ የሚገለጠው ያኔ ነው። አውተር ዋይልድስን (እ.ኤ.አ. 2019) በመሰለ ጌም ውስጥ ደግሞ የሚከፈተው በር የተጫዋቹ እውቀት ነው፤ ለግምገማው የምትመርጠው ምስል ራሱ ምስጢር ያወጣልና ከመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውጭ አትውሰድ።

ከሰዓቱ ብዛት ይልቅ አጫዋወትህ ባግ ያወጣል። እነዚህን ሆን ብለህ አድርጋቸው፦ ጌሙን ሳትዘጋ 3 ወይም 4 ሰዓት አቆየው፤ ሜሞሪ የማይለቅ ከሆነ ከክፍል ወደ ክፍል ሲገባ የሚወስደው ጊዜ እየረዘመ ይሄዳል። ስዊቹን ወይም ዴኩን በውጊያ መሀል አስተኝተህ ከ10 ደቂቃ በኋላ ቀስቅሰው፤ ድምፁ ከምስሉ ሊቀድም፣ የጊዜ ቆጣሪው ተኝቶም ሲቆጥር ሊገኝ ይችላል። ኮንትሮለሩን አጥፋና ጌሙ ራሱ ፖዝ ማድረጉን እይ። ሴቭ ምልክቱ እየዞረ ሳለ ውጣ። ፒሲ ላይ ከኪቦርድ ወደ ኮንትሮለር ስትቀይር ስክሪኑ ላይ የሚታዩት የቁልፍ ምልክቶች መቀየራቸውን አረጋግጥ። ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ደግሞ የምትጫወተው የፕሌይስቴሽን 4ን ቅጂ አለመሆኑን እይ፤ ሁለቱም በአንድ ማሽን ላይ ሊጫኑ ይችላሉ፣ አፈጻጸማቸው ግን ይለያያል።

ባግ ስታገኝ ማሽኑን፣ የስሪቱን ቁጥር፣ ያደረግከውን በቅደም ተከተልና ከ10 ሙከራ ስንቴ እንደተደገመ ጻፍ። "ብዙ ጊዜ ይዘጋል" ለሠሪውም ለአንባቢውም አይጠቅምም፤ "በስሪት 1.0.2፣ ካርታው ተከፍቶ እያለ ከሞትክ ከ10 ጊዜ 7ቱን ይዘጋል" ግን ይጠቅማል። የሴቭ ፋይሉን ቅጂ አስቀምጥ። የዩኒቲ ጌም ፒሲ ላይ ከሆነ፣ ዊንዶውስ ውስጥ በአፕዳታ፣ ከዚያ ሎካልሎው፣ ከዚያ በሠሪውና በጌሙ ስም ባለው ፎልደር ውስጥ ፕሌየር ሎግ የሚባል ፋይል አለ፤ እሱን ከማተምህ በፊት ለሠሪዎቹ ላክላቸው። ሁለት ሰው የሠራው ጌም ላይ ይህ ፋይል የብዙ ቀን ፍለጋ ይቆጥባል።

"ይስተካከላል" ስለሚሉት፦ ዛሬ የሚገዛ ሰው የሚያገኘውን ጻፍ፣ የስሪቱን ቁጥር ከጎኑ አድርግ። ፓች ፒሲ ላይ በዕለቱ ሊወጣ ይችላል፤ ኮንሶል ላይ የማጽደቅ ሂደት ስላለበት ይዘገያል። ስለዚህ ፒሲ ላይ መስተካከሉን አይተህ የስዊቹን ማስጠንቀቂያ እንዳታነሳ። ሲስተካከል እንደገና ለካና በቀን አስተካክለው።

ያለ ነጥብ፦

ነጥቡን በተመለከተ እኔ ቁጥር ባይኖር እመርጣለሁ፤ ካለ ግን ለየማሽኑ ይለይ። በአንድ ቁጥር ውስጥ የጌሙን ሐሳብና የማሽኑን ድክመት ስታቀላቅል አንባቢው 7 ያየው ጌሙ መካከለኛ ስለሆነ ይሁን ስዊቹ ስላቃተው አያውቅም።

ሌላው፣ እያንዳንዱን ጌም የሚያስፈልገውን አይተህ መዝነው። አንደርቴል (እ.ኤ.አ. 2015) በ30 ፍሬም ነው የሚሄደው፤ ይህ የሚጎዳው ጌም አይደለም። የሴሌስት ዝላይ ግን መሬቱ ካለቀ በኋላ እንኳ 0.1 ሰከንድ ይፈቅድልሃል፤ በ60 ፍሬም 6 ፍሬም ማለት ነው። እንዲህ በፍሬም የተለካ ጌም ላይ ሦስት ፍሬም ከጠፋ ግማሹ ፈቃድ ሄደ። ስለዚህ ተመሳሳይ መውደቅ በአንዱ ላይ ግርጌ ማስታወሻ፣ በሌላው ላይ ዋና ዜና ነው።

የእገዛ አማራጮችንም ሞክራቸው እንጂ ስማቸውን ብቻ አትዘርዝር። ሴሌስት ፍጥነቱን እስከ 50 በመቶ ያወርድልሃል፤ ያ ቅንብር አንድን ከባድ ክፍል ምን እንደሚያደርገው አሳይ። በሰከንድ ከ3 ጊዜ በላይ ብልጭ የሚል ነገር ካለ ደግሞ የት እንደሆነ ገልጸህ ከላይ ጻፈው፤ የሚጥል በሽታ ላለበት አንባቢ ከነጥቡ ይበልጣል።

የጌሙን መክፈቻ ኮድ ከሠሪዎቹ በነፃ ያገኘኸው ከሆነ በመጀመሪያው አንቀጽ ተናገር። የጌም መደብሩ ስቲም ላይም አስተያየት ከጻፍክ፣ ከ2016 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኮድ በተከፈተ ቅጂ የተሰጠ አስተያየት ከጌሙ አጠቃላይ ነጥብ ውስጥ እንደማይቆጠር እወቅ።

ፍሬም ቆጣሪ፦

አንድ ነገር ሳልጨምር ቀርቼ ነው፤ ፕሌይስቴሽኑ ላይ ኤችዲሲፒ ጠፍቶ ከቀረ አንዳንድ የፊልም አፖች አይከፈቱም። ቀድተህ ስትጨርስ መልሰህ አብራው።