ለእናቴ የማህፀን መንሸራተትና የሽንት ማምለጥ የትኛው ሐኪም ዘንድ ልውሰዳቸው?

ጠያቂ፦ የመንዟ ልጅ

እንደምን ሰነበታችሁ። ስለ እናቴ ምክር ለመጠየቅ ነው የምጽፈው። ዕድሜያቸው 61 ሲሆን የሚኖሩት ሰሜን ሸዋ ገጠር ውስጥ ነው፤ ሰባት ልጆች ወልደዋል፤ ከመጨረሻዋ በቀር ሁላችንንም የተገላገሉት ቤት ውስጥ ነው። ሰሞኑን አዲስ አበባ እኔ ዘንድ መጥተው ሳለ ልብሳቸውን በድብቅ እየደጋገሙ ማጠባቸውን አይቼ አጥብቄ ስጠይቃቸው፣ ከብዙ ዓመት ጀምሮ ሲያስሉና ሲስቁ ሽንት እንደሚያመልጣቸው፣ አንዳንዴም ድንገት አጣድፏቸው መጸዳጃ ቤት ሳይደርሱ እንደሚቀድማቸው፣ ከዚህም በላይ ወደ ማታ ላይ ሥጋ የመሰለ ነገር ከብልታቸው ወደ ውጭ ወርዶ እንደሚሰማቸውና ሲተኙ ተመልሶ እንደሚገባ ነገሩኝ። እርሳቸው ብርድ ነው ብለው ችለውት ኖረዋል።

አንድ የግል ክሊኒክ ወስጃቸው የተሰጠን መልስ ማህፀናቸው ስለተንሸራተተ ተቆርጦ ይውጣ የሚል ብቻ ነው፤ ስለ ሽንቱ የተባለ ነገር የለም። ጎረቤታችን ደግሞ ፊስቱላ ሳይሆን አይቀርም ትላለች። ለመሆኑ እንዲህ ያለውን ችግር የሚያየው የማህፀን ሐኪም ነው ወይስ የሽንት ቧንቧ ሐኪም? ማህፀኑን ማውጣትስ ግድ ነው? ሜሪላንድ የምትኖር እህት ስላለችኝ ወደዚያ ወስደን እናሳክማቸው የሚል ሐሳብም በቤተሰቡ ውስጥ ተነሥቷል። የምታውቁ ብትመልሱልኝ ትልቅ ውለታ ነው። ከደም ግፊት መድኃኒት በቀር የሚወስዱት ሌላ ነገር የለም።

መልስ፦ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም

እናትዎን ሳልመረምር በሽታው ይህ ነው ልል አልችልም፤ ይሁን እንጂ የገለጹት ምልክት ብዙ ነገር ስለሚናገር ጥቂት ነጥቦችን ላስቀምጥ። ፊስቱላ በሽንት ፊኛና በብልት መካከል የሚፈጠር ቀዳዳ ስለሆነ ሽንቱ ማሳልንም ሆነ መሳቅን ሳይጠብቅ ቀንና ሌሊት ሳያቋርጥ ይፈሳል፤ በአገራችን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረውም ከተራዘመ ምጥ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። የእናትዎ ሁኔታ ይህን አይመስልም። ማታ ላይ መውረዱና ሲተኙ መመለሱ የሚያመለክተው ፊኛን፣ ማህፀንንና የአንጀትን መጨረሻ ከታች ደግፈው የያዙት የዳሌ ወለል ጡንቻዎችና ጅማቶች መላላታቸውን ነው።

ሽንቱን በተመለከተ እናትዎ ያሉባቸው ሁለት የተለያዩ ችግሮች ይመስሉኛል። ሲያስሉና ሲስቁ የሚያመልጠው የሽንት ቧንቧው ድጋፍ ስለላላ ሲሆን፣ ድንገት አጣድፎ የሚቀድመው ግን ፊኛው ሳይሞላ በራሱ እየተኮማተረ ነው። ሁለቱ በአንዲት ሴት ላይ አብረው መታየታቸው የተለመደ ቢሆንም ሕክምናቸው ይለያያል፤ የፊኛውን መኮማተር ለማርገብ የሚታዘዘው ክኒን በሳል ለሚያመልጥ ሽንት አይረዳም፣ የሽንት ቧንቧውን ለመደገፍ የሚደረገው ቀዶ ሕክምናም ለጥድፊያው ተብሎ አይሠራም። ሳይለዩ ማከም ገንዘብንም ጊዜንም ማባከን ነው።

ማህፀኑ ይውጣ ስለተባለው፣ ማህፀን የሚንሸራተተው እርሱ ራሱ ታሞ ሳይሆን የያዘው ነገር ስለለቀቀው ነው። ስለዚህ ቆርጦ ማውጣቱ ብቻውን ድጋፉን አይመልስም፤ የብልቱ የላይኛው ጫፍ ከዳሌው ጠንካራ ጅማቶች ጋር ካልታሰረ ቆይቶ የብልቱ ግድግዳ ራሱ ፊኛውን ወይም አንጀቱን ይዞ ሊወርድ ይችላል። ማህፀኑን ሳያወጡ ወደ ቦታው መልሶ የማሰር ቀዶ ሕክምናም አለ። ቀዶ ሕክምና የሚያቀርብልዎትን ሐኪም «ድጋፉን በምን ይመልሱልናል?» ብለው ይጠይቁ፤ ለዚህ ጥያቄ ግልጽ መልስ ከሌለው ሌላ ሐኪም ማየት ይሻላል ብዬ አምናለሁ።

ብዙ ጊዜ የሚዘለል ሌላ ጉዳይ አለ። ማህፀኑ በጣም ሲወርድ የሽንት ቧንቧውን አጥፎ ሊይዘው ስለሚችል የሽንቱን ማምለጥ ይደብቀዋል፤ ከዚያ በቀዶ ሕክምና ሲስተካከል ሽንቱ ካለፈው ብሶ መውረድ ይጀምርና ታካሚዋ ሐኪሙ አበላሸኝ ትላለች። ይህን አስቀድሞ ለማወቅ የወረደውን ክፍል በእጅ ወደ ቦታው መልሶ ታካሚዋ እንድታስል ማድረግ ይረዳል። ሽንት ከሸኑ በኋላ በፊኛው ውስጥ የሚቀረውን መጠን በአልትራሳውንድ መለካት፣ የሽንት ምርመራና የስኳር ምርመራም ከመድኃኒትና ከቀዶ ሕክምና በፊት መደረግ አለባቸው።

ይህን ሁሉ በአንድ ላይ የሚያየው ዩሮጋይኒኮሎጂስት የሚባለው ሐኪም ሲሆን፣ በማህፀንና ጽንስ ሕክምና ከሠለጠነ በኋላ በዳሌ ወለልና በሴቶች የሽንት ፊኛ ላይ ተጨማሪ ሥልጠና የወሰደ ነው። በአገራችን ቁጥራቸው ገና ጥቂት ነው፤ በዚህ ዘርፍ ሐኪሞችን ማሠልጠን ቀድመው ከጀመሩት አንዱ መቀሌ ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 በዶክተር ሬጂናልድና በዶክተር ካትሪን ሃምሊን የተመሠረተው የአዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታልም፣ ስሙ ፊስቱላ ቢሆንም የማህፀን መንሸራተትንም ያክማል፣ ሕክምናውም በነጻ ነው፤ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በይርጋለም፣ በሐረርና በመቱ ቅርንጫፎች አሉት። ዩሮጋይኒኮሎጂስት ካልተገኘ የማህፀን መንሸራተትን አዘውትሮ የሚያክም የማህፀን ሐኪም ያለበት የማስተማሪያ ሆስፒታል ይሂዱ። የሽንት ቧንቧ ሐኪም የሚያስፈልገው ደም ከሽንት ጋር ሲታይ ወይም ጠጠር ሲጠረጠር ነው። የሚወስዱት የደም ግፊት መድኃኒት ስሙ ማን ነው? ደረቅ ሳልስ አላቸው?

መልስ፦ የአራት ልጆች እናት

ልጄ፣ እናትሽን ጠይቀሽ ማናገርሽ ራሱ ትልቅ ነገር ነው፤ እኛ ሴቶች ይህን ለባላችን እንኳ አንናገርም። እኔ ደብረ ታቦር የምኖር ጡረተኛ መምህርት ስሆን የእናትሽ ዓይነት ችግር ነበረብኝ፣ ቀዶ ሕክምናም አላደረግሁም። ሐኪሜ ፔሳሪ የሚባል ከሲሊኮን የተሠራ ለስላሳ ቀለበት በብልቴ ውስጥ አስገብቶ የወረደውን ደግፎ እንዲይዝ አደረገ። ልኩ ለእያንዳንዷ ሴት ይለያያልና መጀመሪያ የገባልኝ እየወጣ አስቸግሮኝ በሌላ ልክ ተለወጠ። አሁን ውኃ ስቀዳም ሆነ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ሳስቀድስ መኖሩ አይታወቀኝም።

እንክብካቤ ግን ይፈልጋል። በየጊዜው አውጥቶ በሳሙናና በንጹሕ ውኃ አጥቦ መመለስ አለበት፤ ራሷ ማውጣት የማትችል ሴት በቀጠሮዋ ሐኪም ዘንድ እየሄደች ማስወጣትና ማስመርመር ይኖርባታል፣ ተረስቶ የቀረ ቀለበት ሥጋውን ሊያቆስል ይችላልና። ለእኔ የወር አበባ ካቆመ በኋላ ያለውን ድርቀት የሚያለሰልስ የኤስትሮጅን ክሬምም ታዝዞልኝ ነበር። ቀለበቱ በየጤና ተቋሙ አይገኝም፣ ስለዚህ ከመሄድሽ በፊት ደውለሽ ጠይቂ። በመንገድ ርቀት የተነሣ ለቀጠሮ መመላለስ የማይችሉ ከሆነ ግን ለእናትሽ ቀዶ ሕክምናው የተሻለ ሊሆን ይችላል።

መልስ፦ ነርስ ከሜሪላንድ

እህትሽ በምትኖርበት አካባቢ በነርስነት እሠራለሁ። አሜሪካ ውስጥ ይህ ዘርፍ ራሱን የቻለ የሕክምና ሙያ ሆኖ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሆን ዩሮጋይኒኮሎጂስቶችም በየትልልቁ ሆስፒታል ይገኛሉ። ሆኖም ለጉብኝት የሚመጣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይህን የሚሸፍን የጤና መድን ስለማይኖረው ወጪው ከቤተሰብ ኪስ ይወጣል፣ ወጪውም ቀላል አይደለም። ከቀዶ ሕክምና በኋላም ለሳምንታት ከባድ ነገር አለማንሣትና ተመላልሶ መታየት አለ። የእናትሽ ሕክምና በአገር ውስጥ ሊሠራ የሚችል ሆኖ ሳለ ለዚህ ብቻ ባታመጧቸው እመርጣለሁ።

እዚህ ለሚኖሩ እናቶች ግን አንድ ነገር ልጨምር። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል ለታካሚ አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ስትይዙ አማርኛ አስተርጓሚ ብላችሁ ጠይቁ። እናት በወንድ ልጇ አስተርጓሚነት ስለ ብልቷና ስለ ሽንቷ ስትጠየቅ ደህና ነኝ ብላ እንደምትዘጋው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

የላላውን ለመደገፍ በቀዶ ሕክምና ወደ ሰውነት ስለሚገባው መረብ (ሜሽ) የሚወራውም ሰውን ስለሚያደናግር ልናገር። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 እንዳይሸጥ ያዘዘው ለማህፀንና ለፊኛ መንሸራተት በብልት በኩል የሚገባውን መረብ ነው። በማሳል ለሚያመልጥ ሽንት ከሽንት ቧንቧው ሥር የሚደረገው ጠባብ ማሰሪያ በዚያ ትእዛዝ አልተካተተም፤ እርሱም ቢሆን የራሱ ጉዳት ሊኖረው ስለሚችል ከሐኪሙ ጋር በደንብ መነጋገር ያስፈልጋል።

ጠያቂ፦ የመንዟ ልጅ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ዶክተር፣ የመድኃኒቱ ስም ኢናላፕሪል ነው። ደረቅ ሳል አላቸው፣ በተለይ ሌሊት ይብሳል፤ እኛ የጭስ ነው እያልን ነበር። የመንደራቸው ጤና ጣቢያ ነርስ «ጡንቻውን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ አለ» ብላቸው ነበር፣ እንዴት እንደሚሠራ ግን አልገባቸውም። ወደ ሐኪም እስክንደርስ ድረስ እቤት ውስጥ ምን እናድርግ?

መልስ፦ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም

የጠረጠርኩት ይህንኑ ነው። ኢናላፕሪል በአንዳንድ ሰዎች ላይ የማያቋርጥ ደረቅ ሳል ያመጣል፤ እያንዳንዱ ሳል ደግሞ የላላውን የዳሌ ወለል ወደ ታች ይገፋዋል። መድኃኒቱን በራሳችሁ እንዳታቋርጡት፤ የደም ግፊታቸውን የሚከታተለው ሐኪም እንደ ሎሳርታን ባለ ሳል በማያመጣ መድኃኒት ሊለውጠው ስለሚችል ሳሉንና ሽንቱን አያይዛችሁ ንገሩት። ይህ ብቻ ማህፀኑን ባይመልሰውም በሳል የሚያመልጠውን ሽንት ሊቀንሰው ይችላል። ጭሱም ቢሆን ያስላልና ማድ ቤቱን ማናፈስ ይጠቅማል።

እንቅስቃሴውን እንዲህ አስረዷቸው፦ ፈስ እንዳያመልጥ የሚይዙበትን ጡንቻ ወደ ውስጥና ወደ ላይ ስበው ጥቂት ሰኮንድ ይያዙት፣ ከዚያ ሙሉ በሙሉ ይልቀቁት። ሆድን፣ ጭንንና መቀመጫን አለማጥበቅ፣ ትንፋሽንም አለመያዝ ያስፈልጋል። ቢያንስ ስምንት ጊዜ እየደጋገሙ በቀን ሦስት ዙር ይሥሩት፤ ለውጥ አለው የለውም ለማለት ሦስት ወር ያህል መቀጠል አለበት። ብዙ ሴቶች ስበው ከመያዝ ይልቅ ወደ ታች ያምጣሉ፣ ይህም ጉዳቱን ያብሳል፤ ስለዚህ አንዲት አዋላጅ ወይም ፊዚዮቴራፒስት በምርመራ በትክክል መሥራታቸውን ብታረጋግጥላቸው ጥሩ ነው። ሽንት እየሸኑ መሃል ላይ ማቋረጥን እንደ ልምምድ አያድርጉት።

ለጥድፊያው ቡናና ሻይ ይቀንሱ፣ ውኃ መጠጣት ግን አይተዉ፤ ሽንት ይበዛል ብሎ ውኃ መተው ሽንቱን አወፍሮ ፊኛውን ይበልጥ ያስቆጣዋል፣ የሆድ ድርቀትም ያመጣል፣ ለሰገራ ማማጥ ደግሞ ለዚህ ችግር ከሳል የማይተናነስ ጠላት ነው። እንስራና የማገዶ ሸክም ይቅርባቸው። ለሦስት ቀን መቼ እንደሸኑና መቼ እንዳመለጣቸው እርስዎ ይጻፉላቸው፤ ያ ወረቀት ለሐኪሙ ትልቅ እገዛ ነው።

ሽንት ጨርሶ እንቢ ካላቸው፣ ትኩሳትና የጎን ሕመም ከመጣ፣ ከብልታቸው ወይም ከሽንታቸው ደም ከታየ፣ ወይም የወረደው ክፍል ከቆሰለና አልመለስ ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ ሆስፒታል ያድርሷቸው። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተር ካላቸው የሪፈር ወረቀቱ ከሰፈራቸው ጤና ጣቢያ መጀመር ስላለበት፣ አዲስ አበባ ውስጥ ካርድ ከማውጣታችሁ በፊት ያንን አስጨርሱ።