ጎርፍ የገባበትን ቤት ስትመዘግቡ ምን ምን ትጠይቃላችሁ?

የጣና ዳር ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ባሕር ዳር ነው። ባለፈው ሳምንት ሌሊት የጣለው ዝናብ ጎርፍ ሆኖ ሰፈራችን ገባ። ከአስፋልቱ የሚወርደው ቦይ በፌስታልና በሃይላንድ ተደፍኖ ነበር። ውሃው መሄጃ ሲያጣ ወደ እኛ ዞረ። ቤታችን ግድግዳ ላይ የቀረው የጭቃ መስመር ጉልበቴ ጋ ይደርሳል።

እድራችን «ቤት ለቤት ዞረሽ ጉዳቱን መዝግቢ» ብሎ ደብተር ሰጠኝ። ከላይ የመጣልን ቅጽ የሚጠይቀው ስንት ቤት ፈረሰ፣ የሞተ ሰው አለ ወይ፣ ይሄንኑ ነው። ተመስገን፣ የሞተ የለም። የፈረሰም የለም። በቅጹ ብቻ ከሄድን ምንም እንዳልደረሰብን ሊቆጠር ነው። ይሄ አንገብግቦኛል።

የጀመርኩት እንጀራ ጋግረው ከሚሸጡ እናት ቤት ነው። ምጣዱ ውሃ ገብቶበት አልሞቅ ብሏል። የጤፍ ዱቄቱ ከነማዳበሪያው ረጥቦ ሸትቷል። የተቦካው ሊጥ ከነባልዲው ተንሳፍፎ ተደፍቷል። «ምን ብዬ ልጻፍልዎት?» ስላቸው «ምን ይጻፋል ልጄ፣ ቤቱ እንደሆነ ቆሟል» አሉኝ። እስክሪብቶዬን ይዤ ቀረሁ።

እንዲህ ያለው እንዴት ነው የሚመዘገበው? ልምድ ያላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ጡረተኛው
የእኔ ልጅ፣ መጀመሪያ ያንን መስመር ሳይታጠብ በሜትር ለኪው፣ ፎቶም አንሺው። ሰው ግድግዳውን ከቀባ ማስረጃው ጠፋ። ቀጥለሽ ውሃው ስንት ሰዓት እንደቆየ ጠይቂ። ለጭቃ ቤት ዋናው ጥያቄ ይሄ ነው። ምርጉ ከርሶ ሰንብቶ ቤቱ የሚያዘነብለው አንዳንዴ ከሳምንት በኋላ ነው። ተመልሰሽ እዪ።

ሌላም አለ። የሐምሌና የነሐሴው ጎርፍ የመንገድ ጎርፍ ነው፤ በሰዓታት ይወርዳል። ጣና ግን ግልገል አባይ፣ ጉማራ፣ ርብና መገጭ ያመጡለትን አጠራቅሞ ከፍ የሚለው መስከረምና ጥቅምት ገደማ ነው። ዝናቡ ካባራ በኋላ ማለት ነው። ሐይቁ ዳር ደንገሉ አጠገብ ያሉት ቤቶች ያኔ ነው ወለላቸው ውሃ የሚያመነጨው። በነሐሴ ብቻ ቆጥረሽ እንዳታልፊያቸው።

ባለ ጉሊቷ
እህቴ፣ ተከራይን እንዳትረሺ። እኔ ከግቢ ኋላ ሰርቪስ ቤት ነው የምኖረው። የዛሬ ሁለት ዓመት ጎርፍ ሲገባ መዝጋቢዎች መጥተው አከራዬን አናግረው ሄዱ። አንድ ግቢ፣ አንድ ቤተሰብ ተባለ። አራት ቤተሰብ ነበርን። ለጉሊት በዱቤ ያመጣሁት ሽንኩርት በሰበሰ። ዕዳውን ለመክፈል የጆሮ ወርቄን ሸጥኩ። ይሄ የማንም ደብተር ላይ የለም። ስለዚህ ምን ጠፋባችሁ ብቻ አትበይ። ምን ሸጣችሁ፣ ከማን ተበደራችሁ በይ።

ነርስ ነኝ
የሽንት ቤቱ ጉድጓድ ሞልቶ ፈስሶ እንደሆነ ጠይቂ። የጉድጓድ ውሃ የሚጠጣ ቤት ካለ፣ ተቅማጥ የያዘው ልጅ ካለ፣ እሱን ለመዝገብ ብለሽ አታቆዪው። የዚያኑ ዕለት ለጤና ጣቢያ ተናገሪ። እስከዚያው ውሃውን አፍልተው ወይም «ውሃ አጋር» በሚባለው የውሃ ማከሚያ አክመው ይጠጡ።

የጣና ዳር ልጅ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ጋሼ፣ ዛሬ ሜትር ይዤ ወጣሁ። የእኛ ቤት መስመር 46 ሳንቲም ሆነ። ለካ ሽንት ቤታቸው የፈሰሰ ሁለት ግቢዎች አሉ፤ ለጤና ጣቢያው ተናግሬያለሁ።

እንጀራ ጋጋሪዋም ጋ ተመልሼ «ስንት ቀን ሳይጋግሩ ዋሉ?» አልኳቸው። በጣታቸው ቆጠሩ። ስድስት ቀን። የሚያስረክቡት ለሦስት ሻይ ቤት ነበር፤ አንዱ ሌላ ጋጋሪ ይዟል። እሱንም ጻፍኩት። አንብቤላቸው እንደገና አንብቢልኝ አሉ።

ባለ ጉሊቷ እህቴ፣ ነገ የምጀምረው ከኋላ ካሉት ሰርቪሶች ነው።