የአይጥ ሬቲና፦ ጥልቁ የደም ሥር መረብ አልቀለም አለኝ

የምሠራው በአዋቂ አይጥ ሬቲና (ከዓይን ጀርባ ባለው ብርሃን ተቀባይ ስስ ሽፋን) ላይ ነው። ዓይኑን ሕብረ ሕዋሱ እንዳይበላሽ በሚያደርገው 4 በመቶ ፓራፎርማልዴሃይድ ለአንድ ሰዓት አቆየዋለሁ። ሬቲናውን አውጥቼ አራት ቦታ ሰንጥቄ እንደ አበባ እዘረጋዋለሁ። ከዚያ ማቅለሚያው እንዲገባ የሕዋስ ሽፋን በሚያበሳሳው ትሪተን ኤክስ-100 ውስጥ ዘፍዝፌ፣ በአይሶሌክቲን ቢ4 (የደም ሥር ላይ በሚጣበቅ፣ ሌክቲን በሚባል የፕሮቲን ዓይነት ማቅለሚያ) 4 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ አሳድረዋለሁ።

ላይኛው መረብ ጥርት ብሎ ይወጣል፤ ደም ወሳጁ ከደም መላሹ በደንብ ይለያል። ጥልቁ ግን ጭል ጭል ነው። ማይክሮግሊያዎቹ (የሬቲናው የመከላከያ ሕዋሳት) ደግሞ ሳይጠሯቸው አቤት ይላሉ፣ አብረው ይበራሉ። ሌክቲኑ ካልሲየም ስለሚፈልግ ካልሲየም ክሎራይድ ጨመርኩ፤ የምጠቀምበት ፎስፌት ቡፈር (የአሲድ መጠኑን የሚያረጋጋው ፈሳሽ) ውስጥ ነጭ ዝቃጭ ሠራብኝ። ማቅለሚያውን ማብዛትም የጀርባውን ጭጋግ ብቻ አደመቀው። ሕብረ ሕዋሱን በኢንዛይም አሟሙቶ የደም ሥሮቹን ብቻ የሚያስቀረው የትሪፕሲን ዘዴ የሬቲናውን ንብርብሮች ስለሚያጠፋብኝ አልፈልገውም።

ቡፈሩን ፎስፌት ወደሌለበት ትሪስ ልቀይር ወይስ ትሪተኑ ውስጥ የሚቆይበትን ጊዜ ላርዝም?