ግቢው በሙሉ አንድ ቆጣሪ ነው፣ የመብራቱን ቫት ማን ይክፈል?

ጥያቄ፦ የእንጀራዋ
ሰላም የጅማ ልጆች እንዴት ናችሁ። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነው ያለሁት፣ ከአከራያችን ጋር 4 አባወራ ነን ቆጣሪው ግን አንድ ነው። በፊት እኩል አዋጥተን ነበር የምንከፍለው ማንም ምንም አይልም፣ አሁን ታሪፉም በየ3 ወሩ ይጨምራል፣ የመብራት ቢሉ ላይ ደግሞ ቫት የሚል መጣና አከራያችን እትዬ "ምጣድ ያለሽ አንቺ ነሽ፣ ቫቱን አንቺ ቻይው" አሉኝ። እውነት ነው በሳምንት ሁለቴ ለሽያጭ እጋግራለሁ፣ ግን ትንሽ ለሚጠቀም ሰው ቫት የለውም ሲባል አልነበር እንዴ? ባሌ ቡና መጋዘን ጭነት ነው የሚሰራው በቀን ሂሳብ፣ ደሞዝ ተጨመረ ሲባል እኛ ቤት የደረሰው የዘይት ዋጋ ብቻ ነው።

መልስ፦ ፒንሳ
እህቴ ሕጉ የሚያየው ኪስሽን ሳይሆን ቆጣሪውን ነው። በወር እስከ 200 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠቀም መኖሪያ ቤት ቫት የለበትም፣ ካለፈ 15 ፐርሰንት ይመጣል። ለየብቻ ብትሆኑ ምናልባት ሁላችሁም ከ200 በታች ናችሁ፣ ሲደመር ግን ያልፋል፣ ፍጆታ ሲበዛ ደግሞ የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ስለሚወደድ ሁለቴ ነው የምትመቱት። ምጣድሽ 3.5 ኪሎዋት ከሆነ 3 ሰዓት ስትጋግሪ 10.5 ኪሎዋት ሰዓት በላ፣ በወር 8 ጊዜ 84። ብዙ ነው አልክድም፣ ግን ለብቻው ቫት አያመጣም በያቸው።

መልስ፦ ቲቸር
ደሞዝ ስላነሳሽ፣ የመንግስት ሠራተኛ የዲግሪ መነሻ ደሞዝ 6,940 ብር የነበረው መስከረም 2018 ላይ 11,500 ሆነ፣ ግብር 2,100 ጡረታ 805 ተቆርጦ 8,595 እጅ ይገባል። በድሮው የግብር ስሌት ከዚሁ 11,500 ላይ ግብሩ 2,525 ይቆረጥ ነበር እሱስ ተመስገን። ግን እስከ 2,000 ብር ግብር የለም መባሉ ለእህታችን ባል ምን ይሰራለታል፣ ፔሮል ላይ የለ! እኔ እናንተ ግቢ ብሆን ፍጆታውን በየልካችን ቫቱን እኩል በሉ እል ነበር፣ በድምር የመጣ ነዋ።

መልስ፦ የአጂፕ እናት
አከራይን ብቻ አትውቀሱ ልጆቼ። ጡረተኛ ነኝ ሁለት ክፍል አከራያለሁ፣ ቢሉ በስሜ ነው ካልተከፈለ የሚቆረጠውም የኔ ነው። ለየቤቱ የውስጥ ቆጣሪ አስገጠምኩ ጭቅጭቁ ቆመ።

ፒንሳ፦ ልክ ነዎት እናቴ፣ ግን የውስጥ ቆጣሪ ሂሳብ ለመከፋፈል እንጂ ቫቱን አያስቀርም፣ መብራት ኃይል የሚያነበው ዋናውን ነው። ለየብቻ ቆጣሪ ለማውጣት ደግሞ የአከራይዋ ፈቃድ ያስፈልጋል።

የእንጀራዋ፦ አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ማታ በስልክ ባትሪ ቢሉን ከእትዬ ጋር አየነው፣ 238 ይላል። በ38 ነው ያለፍነው! እትዬ ፍሪጃቸውን ዞር ብለው አዩና "በሉ ለዚህ ወር እኩል እናዋጣ" አሉ። የውስጥ ቆጣሪ መርካቶ ስንት እንደገባ የሚያውቅ አለ?