የፍልሰተኛ ሠራተኞች ቅጥርና የአሠሪው ግዴታ፦ የጋራ ሐሳባችንን ለማዘጋጀት የተደረገ የዕቅድ ውይይት

አስተባባሪ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ ለሕግ አውጪው የምናቀርበው ሐሳብ የመጀመሪያ ረቂቅ ደርሷችኋል። ረቂቁ ፍልሰተኛው ሥራ ከጀመረበት ቀን አንስቶ አሠሪው ያለበትን ግዴታ ይዘረዝራል፦ ደመወዝ፣ የሥራ ሰዓት፣ ዕረፍት፣ የአደጋ መከላከያ። በእነዚህ ላይ የምንለያይ አይመስለኝም። የጎደለ ካለ ጻፉልኝ።

የቀድሞ ፍልሰተኛ ሠራተኛ፦
የጎደለው መጀመሪያው ነው። እኔ በሰው አገር ሥራ የጀመርኩት ባለ ዕዳ ሆኜ ነው። ለደላላው የሰጠሁት ገንዘብ ብድር ነበር፤ ስደርስ ደግሞ አሠሪዬ «ለኤጀንሲው ያወጣሁብሽ ነው» እያለ ከደመወዜ ይቆርጥ ጀመር። ለአንድ ቅጥር ሁለት ጊዜ ከፈልኩ። ሥራውን ልልቀቅ ባልኩ ቁጥር ዕዳው ያስረኝ ነበር። በዚህ ረቂቅ ሲመዘን ያ ሰው ምንም አላጠፋም፦ ደመወዝ ከፍሏል፣ ዕረፍት ሰጥቷል። ረቂቁን አንብቤ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የአሠሪው ግዴታ ከምልመላው ይጀምር።

የሕግ ባለሙያ፦
እህቴ፣ ሕጉም ካንቺ ጋር ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት የ1949 የደመወዝ ጥበቃ ስምምነት፣ ቁጥር 95፣ በአንቀጽ 9 ሠራተኛው ሥራ ለማግኘት ወይም በሥራው ለመቆየት ሲባል ለአሠሪው፣ ለወኪሉም ሆነ ለደላላ የሚሆን ገንዘብ ከደመወዙ እንዳይቆረጥ ይከለክላል። በአንቺ ላይ የተፈጸመው በቀጥታ ይህ ነው። የድርጅቱ የ1997ቱ ስምምነት፣ ቁጥር 181፣ ደግሞ የግል የሥራ አገናኝ ኤጀንሲዎች በቀጥታም ሆነ በተዘዋዋሪ፣ በሙሉም ሆነ በከፊል ከሠራተኛ ክፍያ እንዳይቀበሉ ይደነግጋል። ለመንግሥት ግን የተወሰነ ልዩ ሁኔታ የመፍቀድ መብት ይተውለታል። ሐሳባችን ይህ ቀዳዳ በአገሩ ሕግ እንዲዘጋ በግልጽ መጠየቅ አለበት።

አሠሪ የሆኑ አባል፦
በመርሁ እስማማለሁ፤ ጭንቀቴን ግን ስሙኝ። እኔ ለኤጀንሲው ሙሉውን ከፍዬ እርሱ በስውር ከሠራተኛው ቢቀበልስ በምን አውቃለሁ?

የቀድሞ ፍልሰተኛ ሠራተኛ፦
ይጠይቁን! ማንም አሠሪ ጠይቆኝ አያውቅም። በደረስን በመጀመሪያው ሳምንት፣ በምንረዳው ቋንቋ፣ የኤጀንሲው ሰው በሌለበት «ለማን ስንት ከፈላችሁ?» ይበሉን። የተከፈለ ነገር ከተገኘ ይመልሱልንና እርስዎ ከኤጀንሲው ይተሳሰቡ። እርስዎ ከኤጀንሲው ጋር ውል አለዎት፤ እኛ ምን አለን?

አሠሪ የሆኑ አባል፦
ይህን አላሰብኩትም ነበር። ይግባ፤ ገንዘቡ የሚመለስበት ሁኔታም ከኤጀንሲው ጋር በምንፈራረመው ውል ላይ ይጻፍ። ስለ ፓስፖርት ግን አንድ ነገር ልበል። እኔ ጋ ሠራተኞች ራሳቸው «አስቀምጡልን» ይላሉ፤ በጋራ ስለሚኖሩ መጥፋቱን ይፈራሉ።

የሕግ ባለሙያ፦
ለዚያ ቁልፉ በሠራተኛው እጅ የሚሆን ሣጥን ይስጧቸው። የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን ሕጋዊነት ለማጣራት የሰነዱን ኮፒ መያዝ ይችላሉ፤ በብዙ አገሮች ግዴታም ነው። ዋናውን መያዝ ግን ሌላ ነገር ነው። የ2011ዱ የቤት ሠራተኞች ስምምነት፣ ቁጥር 189፣ ሠራተኞቹ የጉዞና የመታወቂያ ሰነዳቸውን በእጃቸው የመያዝ መብት እንዳላቸው ይናገራል። የሥራ ድርጅቱ የግዳጅ ሥራ ምልክቶች ብሎ ከዘረዘራቸው 11 ነጥቦች አንዱም ሰነድ መያዝ ነው፤ ደመወዝ መከልከልና የዕዳ እስራትም እዚያው ተዘርዝረዋል።

ወጣት አባል፦
የመኖሪያ ፈቃዱ ያለፈበት ሠራተኛስ? «ሕገ ወጥ ስለሆንክ ደመወዝህን አልሰጥህም» የሚሉ አሉ።

የሕግ ባለሙያ፦
የሠራበት ገንዘብ የእርሱ ነው። የ1975ቱ ስምምነት ቁጥር 143 ፈቃድ የሌለውም ሠራተኛ ላለፈው ሥራው በደመወዝና በማኅበራዊ ዋስትና በኩል እኩል እንዲታይ ይላል። የተባበሩት መንግሥታት የ1990 የፍልሰተኛ ሠራተኞች ስምምነትም የሠራተኛው ሁኔታ ሕጋዊ አለመሆኑ አሠሪውን ከግዴታው እንደማያወጣው ይደነግጋል።

አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ስምምነቶች የሚያስገድዱት የተቀበላቸውን መንግሥት ነው፤ አሠሪውን የሚይዘው የአገሩ ሕግ ነው። የ1990ውን ስምምነት ፍልሰተኛ በብዛት የሚቀበሉ አብዛኞቹ ባለጸጋ አገሮች አላጸደቁትም። ሐሳባችን በእርሱ ላይ ብቻ ከቆመ በአንድ ቃል ይጥሉታል። መሠረታችንን የ1930ው የግዳጅ ሥራ ስምምነት፣ ቁጥር 29፣ እናድርግ፤ አብዛኛው ዓለም ያጸደቀው ነው።

አስተባባሪ፦
ተቀብያለሁ። ከሰማሁት ተነስቼ የመክፈቻውን አንቀጽ እንደገና ጽፌዋለሁ፦

«ፍልሰተኛ ሠራተኛ የሚቀጥር አሠሪ ለምልመላና ለጉዞ የሚወጣውን ማናቸውንም ወጪ ራሱ ይሸፍናል፤ ከደመወዝም አይቆርጥም። ሠራተኛው ለሌላ ወገን የከፈለው ካለ አጣርቶ ይመልሳል። የሥራ ውሉን ሠራተኛው ከአገሩ ከመነሣቱ በፊት በሚረዳው ቋንቋ በጽሑፍ ይሰጠዋል። ፓስፖርቱን በማናቸውም ምክንያት አይዝም። የፈቃድ ማለፍ የተሠራበትን ደመወዝ አያስቀርም።»

የቀድሞ ፍልሰተኛ ሠራተኛ፦
«አጣርቶ» ከሚለው ቀጥሎ «በ30 ቀን ውስጥ» ይጨመር። ቀን ካልተቆረጠለት ዕዳው እያደገ ይሄዳል።

አሠሪ የሆኑ አባል፦
30 ቀን ይበቃል። ከኤጀንሲ ጋር የሚደረገውን የናሙና ውል እኔ አዘጋጅቼ እስከ ዓርብ እልካለሁ።