አንድ አባል «ስለ እኔ የያዛችሁትን ሁሉ አሳዩኝ» ቢሉ ምን ድረስ ላሳያቸው?

ጥያቄ (የማኅበር ጸሐፊ፣ ደብረ ሲና)

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። በአንድ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ባለፈው ማክሰኞ፣ ብድር ጠይቀው በኮሚቴው የተከለከሉ አንድ አዛውንት አባላችን «ስለ እኔ የተጻፈውን ሁሉ ማየት እፈልጋለሁ» የሚል ማመልከቻ አስገቡ። ክላሰራቸውን ሳወጣ የአባልነት ቅጽ፣ የመታወቂያ ቅጂ፣ የቁጠባቸው ዝርዝርና የ2 ዋሶቻቸው የደመወዝ ማስረጃ አገኘሁ። ከሁሉ ያስቸገረኝ የብድር ኮሚቴው ቃለ ጉባኤ ነው፤ በአንዱ ገጽ የ5 አመልካቾች ጉዳይ ተከታትሎ ተጽፎበታል፤ በእርሳቸው መስመር ላይ ደግሞ ሌላ ቦታ ያልከፈሉት ዕዳ እንዳለባቸው ጎረቤታቸው መግለጹ ከነስሙ ሰፍሯል። ሊቀመንበራችን የማኅበሩ ምስጢር ስለሆነ አይታይም ይላሉ። በማግስቱ ደግሞ ልጃቸው «አባባ ልኮኝ ነው፤ በስልኬ ፎቶ አንስቼ ልውሰድለት» ብሎ ቢመጣ ባዶ እጁን መለስኩት። ያጠፋሁት ነገር ይኖር ይሆን?

መልስ (የሕግ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን)

ልጁን መመለስዎ ተገቢ ነበር፤ ሊቀመንበሩ ግን የማኅበሩን ምስጢርና የሰውየውን መረጃ አቀላቅለውታል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ማንኛውም ሰው ስለ ራሱ የተያዘውን መረጃ የማየትና ስሕተት ቢያገኝበት እንዲታረምለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል፤ አፈጻጸሙን የሚቆጣጠረውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ብዙ ሰው በዚህ ጉዳይ ላይ የመረጃ ነፃነት አዋጁን፣ ማለትም ቁጥር 590/2000ን ይጠቅሳል፤ ያ ግን ሕዝቡ በመንግሥት አካላት እጅ ያለን መረጃ የሚጠይቅበት ስለሆነ ለእናንተ ጉዳይ አይሆንም። ኮሚቴው ስለ አባሉ የጻፈው አስተያየትም ቢሆን ስለ እርሳቸው እስከሆነ ድረስ መረጃቸው ነው። የማይታያቸው የሌሎቹ 4 አመልካቾች ጉዳይ ነው፤ የዋሶቹ የደመወዝ ማስረጃም ዋሶቹ ራሳቸው ካልፈቀዱ በስተቀር እንደዚያው ነው።

መልስ (የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ መሐል ሜዳ)

ሕጉን ከተናገሩት ላይ የምጨምረው የለኝም፤ የእኔ ነገር ስለ አሠራሩ ነው። እኔ በምሠራበት ቤት አንድ ጊዜ የሌሎችን ስም በጥቁር ማርከር አጥፍተን ዋናውን ወረቀት ለባለጉዳይ ሰጠን፤ ሰውየው እዚያው ፊታችን ወደ መስኮቱ አዙሮ ወደ ብርሃኑ ቢያነሣው እያንዳንዱ ስም ቁልጭ ብሎ ተነበበ። ከዚያ ወዲህ የምናደርገው እንዲህ ነው፦ ዋናውን ገጽ ሳንነካ በቅድሚያ ቅጂ እናነሣለን፤ በቅጂው ላይ መታየት የሌለበትን መስመር በነጭ ወረቀት ቁራጭ ሸፍነን እንደገና ፎቶ ኮፒ እናደርገዋለን፤ ለባለጉዳዩ የምንሰጠውም ያንን ሁለተኛውን ነው። የወረቀቱን ጀርባም ማየት አይርሱ፤ ወረቀት ለመቆጠብ ሲባል የሌላ ሰው ደብዳቤ በጀርባው የታተመበት ስንት ሰነድ አይቻለሁ። ምን እንደታየ፣ ማን እንዳሳየና በየትኛው ቀን እንደሆነ በባሕር መዝገብ ላይ ጽፈው ባለጉዳዩን ያስፈርሙ።

መልስ (ገንዘብ ያዥ፣ ሸዋ ሮቢት)

ይቅርታ አድርጉልኝና እኔ በዚህ አልስማማም። አዛውንቱ ያንን መስመር ካነበቡ ከጎረቤታቸው ጋር መጣላታቸው የማይቀር ነው፤ ጠቡ ሲመጣ ደግሞ ለሽምግልና የምንቀመጠው እኛው ነን። ከዚያም በኋላ ለኮሚቴው እውነቱን የሚነግር ሰው አይገኝም።

መልስ (የሕግ ባለሙያ፣ ደብረ ብርሃን)

ስጋትዎ ይገባኛል፤ ስለዚህ የሚሸፈነው የጎረቤቱ ስምና ማንነቱን የሚጠቁመው ቃል ነው እንጂ የተባለው ነገር አይደለም። ሰውየው «ዕዳ አለበት» በመባሉ ብድር ተከልክሏል፤ ይህንን ካላየ ሐሰት ቢሆን እንኳ ሊያስተባብል የሚችልበት መንገድ የለውም።

መልስ (የቀድሞ የበጎ አድራጎት ድርጅት ሠራተኛ፣ አንኮበር)

ስለ ልጁ ጉዳይ አንድ ነገር ልበል። አባትየው መምጣት የማይችሉ ከሆነ የተረጋገጠ ውክልና ያስፈልጋል፤ መምጣት ከቻሉ ግን ይህን ሁሉ ወጪ ማስወጣት አይገባም። ምናልባት ማንበብ ይቸግራቸው ይሆናል፤ ልጁ አጠገባቸው ተቀምጦ እንዲያነብላቸው እርሳቸው ራሳቸው ከፈቀዱ ፈቃዳቸውን በጽሑፍ ይያዙ። ለምን ማየት እንደፈለጉ ግን አይጠይቋቸው። ጊዜውን በተመለከተ፣ እሠራበት የነበረው ድርጅት የሚከተለው የአውሮፓ ኅብረት ደንብ መልስ ለመስጠት የ1 ወር ጊዜ የሚፈቅድ ሲሆን የመጀመሪያውን ቅጂም ያለ ክፍያ ያሰጣል፤ ለአንድ ክላሰር ግን አንድ ሳምንት እንኳ ይበዛል።

ጠያቂ (የማኅበር ጸሐፊ፣ ደብረ ሲና)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሊቀመንበሩን አሳምኜ ዛሬ ጠዋት አዛውንቱ ከልጃቸው ጋር መጡ። ልጁ «ዕዳ አለባቸው» የሚለውን ሲያነብላቸው አባትየው አልተቆጡም፤ «የአያቴን ስም እይልኝ እስቲ» አሉ። ቢታይ የአያት ስም አልተጻፈም፤ ዕዳው በስምም በአባት ስምም ሞክሼያቸው የሆነ የሌላ ቀበሌ ሰው ኖሯል። ማመልከቻቸው በሚቀጥለው ስብሰባ እንደገና ይታያል። አሁን የቀረኝ ጥያቄ፣ ያንን መስመር ከቃለ ጉባኤው ላይ ልሰርዘው ወይስ ልተወው የሚለው ነው።

መልስ (የመዝገብ ቤት ሠራተኛ፣ መሐል ሜዳ)

እንዳይሰርዙት፤ የተፋቀ ቃለ ጉባኤ ነገ ፍርድ ቤት ቢቀርብ አመኔታ ያጣል። በኅዳጉ ላይ «የሌላ ሰው ዕዳ መሆኑ ተረጋግጧል» ብለው ከነቀኑ ይጻፉና የኮሚቴው አባላት ይፈርሙበት፤ የማረሚያውንም ቅጂ ለአዛውንቱ ይስጧቸው። በአባልነት ቅጹ ላይ ግን የአያት ስም መሙያ ቦታ ከሌለ ዛሬውኑ ያስጨምሩበት።