የጥሬ ወተት ቃና ከቀን ቀን የሚለያየው ለምንድን ነው? (አዳማ)

ቡናቤት_አዳማ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለማኪያቶና ለእርጎ ከሰፈር አርቢዎች በጀሪካን የሚመጣ ጥሬ ወተት እንጠቀማለን። ሲጠፋ የከረጢቱን፣ እሱም ካልተገኘ የካርቶኑን እንገዛለን። ጥሬው አንዳንድ ቀን አተላ አተላ ይሸታል፣ አንዳንዴ ጨው ጨው ይላል፤ ሐሙስና ቅዳሜ ጠዋት የሚመጣው ደግሞ ሲፈላ ይቆራረጣል። የከረጢቱ ቀጠን ይላል፣ የካርቶኑ ብዙ የተንተከተከ ወተት ይመስላል። ጥፋቱ የላሟ ነው፣ የመኖው ወይስ የአያያዙ? በምን ይለያል?

የላም_ነገር፦
መለያው ሰዓቱ ነው። እንደታለበ ትኩሱን አሽትቱት፤ ትንሽ አፍልታችሁም ቅመሱት። መጥፎው ቃና ያኔውኑ ካለ መነሻው መኖው ወይም የላሟ ጤና ነው። ያኔ ንጹሕ ሆኖ እያደር ከመጣ ግን ዕቃውን፣ ሙቀቱን ወይም መንገዱን ጠርጥሩ።

አተላ፣ የሽንኩርት ገለባና የጎመን ቅጠል ሽታቸው በደም በኩል ወተቱ ውስጥ ይገባል፤ የሚበረታውም ላሟ በበላች በግማሽ ሰዓትና በሦስት ሰዓት መካከል ነው። ስለዚህ ከአለባ በኋላ ይሰጣት፤ ካልሆነም ከአለባ አምስት ሰዓት ቀድሞ። በረት ውስጥ ክፍት የተቀመጠ አተላ ባትበላውም በትንፋሽ ብቻ ይገባል፤ ይህን ብዙ አርቢ አያስተውለውም። ፉሩሽካና የጤፍ ጭድ ከሽታ አንጻር ችግር የለባቸውም። ፋጉሎ (የቅባት እህል ተጨምቆ የሚቀረው) ግን ከሻገተ ፈጽሞ አይሰጥ፦ አፍላቶክሲን የሚባለው የሻጋታ መርዝ ወደ ወተቱ ያልፋል፣ አይቀመስም፣ በማፍላትም አይጠፋም።

ጨው ጨው የሚለው ወይ የጡት በሽታ ካለባት ወይ ልትነጥፍ ከተቃረበች ላም ነው፤ ላክቶሱ (የወተቱ ስኳር) ሲቀንስ ሶዲየምና ክሎራይዱ ይጨምራል። ከእያንዳንዱ ጡት የመጀመሪያውን ሁለት ሦስት ጭማቂ ጥቁር ሰሃን ላይ ማለብ ነው፤ ቁርጥራጭ ወይም ውኃ መሰል ነገር ከታየ የዚያች ላም ወተት አይቀላቀል። መድኃኒት የተወጋች ላም ወተትም መድኃኒቱ ላይ የተጻፈው ቀን እስኪያልፍ አይሸጥ። እርጎው እንቢ ብሎ ሳይረጋ የሚቀረው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ላክቶሜትር፦
የሐሙስና የቅዳሜው ነገር ግልጽ ይመስለኛል። ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ ገዢ ይቀንሳል፤ ያደረው ወተት ከጠዋቱ አለባ ጋር ይደባለቃል። ወተት ከጡት ሲወጣ 38 ዲግሪ ገደማ ነው፤ በሁለት ሰዓት ውስጥ ወደ 4 ዲግሪ ካልወረደ፣ በአዳማ ሙቀት ባክቴሪያው በፍጥነት ይራባል። አንድ ሊትር የከረመ ወተት ሃያውን ሊትር ያበላሻል።

ስለዚህ ከመገልበጣችሁ በፊት እያንዳንዱን ጀሪካን ለየብቻ ፈትኑ። 2 ሚሊ ሊትር ወተትና 2 ሚሊ ሊትር 68 በመቶ አልኮል በትንሽ ብልቃጥ ቀላቅሎ ማገላበጥ ነው፤ ፍርፋሪ ከታየ ሲፈላ ሊቆራረጥ ይችላል። የፋርማሲው 70 በመቶ ትንሽ ጠበቅ ያለ ፈተና ቢሆንም ያገለግላል። አልኮል ከሌለ አንድ ማንኪያ ወተት አፍሉ። የተፈተነው ይደፋል።

ላክቶሜትር (ወተቱ ውስጥ ተንሳፍፎ እፍጋቱን የሚለካው መሣሪያ) በ20 ዲግሪ ሙቀት ከ28 እስከ 32 ማንበብ አለበት። ብቻውን ግን አትመኑት፦ ውኃ ንባቱን ያወርዳል፣ ቅባቱን መግፈፍ ደግሞ ያወጣዋል፤ ሁለቱንም ያደረገ ሰው 29 ሊያሳያችሁ ይችላል። ሲፈላ ስልባቦቱ ሲሳሳ ያኔ ጠይቁ።

ጀሪካኑን ብትተዉት ደስ ይለኛል። አንገቱ ጠባብ ነው፣ ብሩሽ አይገባም፣ ውስጡ ሲጫጫር ወተት ይይዛል። አፈ ሰፊ የአሉሚኒየም ዕቃ ይሻላል። አጠባቡ መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ነው፤ ሙቅ ከቀደመ ፕሮቲኑ ዕቃው ላይ ይጋገራል። ቀጥሎ በሙቅ ውኃ፣ በሳሙናና በብሩሽ፣ ከዚያ አለቅልቆ አፉን ወደ ታች መድፋት። በወይራ ማጠን መኮምጠጡን ያዘገያል፣ ለእርጎም ግሩም ቃና ይሰጣል፤ ማኪያቶ ላይ ግን ጭሱ ቡናውን ይጫነዋል። ማጠን ማጠብን አይተካም።

ፋብሪካ_ቤት፦
ስለታሸገው ልጨምር። የከረጢቱ ፓስቸራይዝ ሲደረግ (ጀርሙ እንዲሞት ሲሞቅ) የተለመደው 72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ነው፤ ይህ ቃናውን ብዙም አይነካም። የመቅጠኑ ምክንያት ቅባቱ ነው፦ የአገር ላም ወተት ብዙ ጊዜ ከ5 በመቶ በላይ ቅባት ሲኖረው የሆልስታይን ወደ 3.5 ነው፤ ፋብሪካም ከፊሉን ለክሬምና ለቅቤ ሊያወጣው ይችላል። የካርቶኑ ከ135 ዲግሪ በላይ ለጥቂት ሴኮንድ ይሞቃል። ያኔ የአይቡ ውኃ ፕሮቲን ውስጥ ያለው ድኝ ይለቀቃል፤ የተንተከተከ የሚመስለው ቃና እሱ ነው። በእንፋሎት ከ65 ዲግሪ በላይ አታሙቁ፣ ጠዋት የሞቀውንም ደግማችሁ አታሙቁ።

አንድ ነገር አደራ፦ ጥሬ ወተት ከታሸገው ጋር አትቀላቅሉ። በፋብሪካ የቅባቱ እንክብሎች ተሰባብረው ከሆነ፣ የጥሬው ኤንዛይም በሰዓታት ውስጥ ቅባቱን ይበላና ወተቱ የሳሙና ቃና ይይዛል፣ ይመራል። መቀላቀል ግድ ከሆነ ጥሬውን አስቀድማችሁ አፍሉ። በወተት ከላም ወደ ሰው ለሚተላለፉት ለቲቢና ለብሩሴሎሲስ በሽታም ቢሆን ጥሬው ሳይፈላ ለደንበኛ አይቀርብም።

ቡናቤት_አዳማ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ከረጢቱን ሱቁ በረንዳ ላይ ነው የሚደረድረው፤ እሱስ ለውጥ ያመጣል?

ፋብሪካ_ቤት፦
አዎ፣ በደንብ። ብርሃን የሚያሳልፍ ከረጢት ፀሐይ ላይ ለጥቂት ሰዓት ከቆየ የተቃጠለ ላባ ወይም የካርቶን ዓይነት ቃና ያመጣል፤ በኋላ ማቀዝቀዙ አይመልሰውም። ከፍሪጅ የሚያወጣላችሁን ሱቅ ምረጡ።